ከአባቷ ቤት ሥር ያለው ሰማያዊ ምሰሶ

ምሰሶው መጀመሪያ የታያት ከምሳ በኋላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ወንበሩ ላይ በሚያንጎላጅበት፣ መጋረጃው እንኳ ለመወዛወዝ በሚሰንፍበት ሰዓት። ኮምፒውተሩ አራት ቀን ሙሉ ሲያሰላ ከርሞ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች በዝግታ ያወርድላት ጀመር። መጀመሪያ የመሬት ቅርፊት መጣ፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ ያለ። ከሥሩ ማንትሉ ተዘረጋ፤ ወደ ታች ስንትና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚወርድ የጋለ ድንጋይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ሆኖ። ከዚያ መሐሉ ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ፤ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰማያዊ ምሰሶ። ጠቋሚውን አስጠግታ ከአናቱ ላይ ያለውን ቦታ አነበበች። የአባቷ ቤት ነበር።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ጥንቆላ ይመስላል። ግን ጀሪካን በጣቱ አንኳኩቶ ውሃው እስከ የት እንደሆነ ያላወቀ ሰው ማን አለ? እሷና ባልደረቦቿም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚያንኳኩት ግን እነሱ አይደሉም። በዓለም ሌላ ጫፍ መሬት ትንቀጠቀጣለች፤ ሞገዱ የምድርን ሆድ አቋርጦ እነሱ ዘንድ ይደርሳል። በጋለና በለሰለሰ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይንቀራፈፋል፤ በቀዘቀዘና በጠነከረ ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል። የትኛው የመለኪያ ጣቢያ ዘንድ ቀድሞ ደረሰ፣ የትኛው ዘንድ ዘገየ የሚለውን ከብዙ ሺህ መንቀጥቀጥ ለቅሞ ማስላት ነው። የቀደመበት ሰማያዊ ይቀባል፣ የዘገየበት ቀይ። አለቀ። አሥር ዓመቷን የበላው ይህ «አለቀ» ነው።

አሥሩን ዓመት በላ የምንለው ያለ ነገር አይደለም። የድሮ ጣቢያዎች መዝገባቸውን የሚጽፉት በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ነበር። እሷ ያንን ሁሉ ጥቅልል ከምድር ቤቱ መጋዘን እያወጣች፣ አቧራውን እያራገፈች፣ የእያንዳንዱን ሞገድ መድረሻ በዓይኗ እየለቀመች ጎልማሳነቷን ጨረሰች። ከጥቅልሎቹ ሁሉ ንጹሖቹ የአባቷ ነበሩ። አባቷ ከአንድ ተራራ ግርጌ የቆመች ትንሽ ጣቢያ ጠባቂ ሆኖ ሃያ ዓመት ኖሯል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዛሬም ድረስ ሰዓቱን የሚያከብር ሰው ሲወደስ «እንደ ተራራዋ ጣቢያ!» ይባላል። ሰውየውም ቢሆን ትሕትና የሚያጠቃው ዓይነት አይደለም። «ሃያ ዓመት!» ይላል ደረቱን ነፍቶ፤ «አንዲት ሰከንድ አላባከንኩም።»

የምሰሶውን ሥዕል በስልክ ስትልክለት ያደረገውን እግዜር ይይለት። የአጥር ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ አሳየ። ከቤቱ ሥር ከመሬት ቅርፊት ጀምሮ እስከ ማንትሉ የሚወርድ የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ድንጋይ መቆሙን፣ ይህንንም ያገኘችው የገዛ ልጁ መሆኗን አፉን ሞልቶ ተናገረ። ቀኝ ጎረቤቱ ያሉት ሴትዮ ያን ሰሞን ሊሠሩት ያሰቡትን ኩሽና ወደሱ አጥር አስጠጉት፤ መሠረቱ ከምሰሶው ትንሽ እንዲደርሳቸው ነው። እሱ አልከለከላቸውም። ምሰሶ ያለው ሰው ለጋስ ይሆናል።

እሷም ብትሆን ከዚያ ቀን ወዲህ ከምሳ በኋላ ዓይኗ ከደን ሲል ወደዚያው መውረድ ለመደች። ከአባቷ ወጥ ቤት ወለል ትነሳለች፤ አፈሩን፣ ከአፈሩ ሥር ያለውን አለት፣ ቅርፊቱን ሁሉ አልፋ ምሰሶውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትወርዳለች። ዙሪያው ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ምሰሶው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ከሩቅ አገር የመጡ ሞገዶች እየተደነቃቀፉ ይመጡና እሱ ዘንድ ሲደርሱ ሽው ብለው ያልፋሉ። እዚያ ታች ሆና እናቷን የምታስብበት ጊዜ ነበር፤ እናቷ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ለምን እዚያ እንደምትመጣባት አታውቅም ነበር። ስልክ ሲጠራ ብንን ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

አሁን «ቆይማ» የሚባለውን ባልደረባዋን እናምጣ። ስሙ ሌላ ነው፤ ነገር ግን «ቆይማ» ሳይል አፉን ከፍቶ ስለማያውቅ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የደመወዝ ሰነድ ብቻ ነው። ሥዕሉ በጉባኤ ፊት ሊቀርብ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከጀርባዋ ቆሞ ሻዩን ፉት እያለ ምሰሶውን ተመለከተ።

«ቆይማ» አለ። «ይሄ ነገር ልክ ከጣቢያዋ ሥር ነው እንዴ የቆመው?»

«አዎ።»

«ወዲህ ወዲያ እንኳ አላለም?»

«ምሰሶ እኮ ነው። እንዲጨፍርልህ ፈለግክ?»

«አለመጨፈሩ ነው ያልጣመኝ። የማንትል ድንጋይ የሰው ወንበር ፈልጎ ልክክ ብሎ ከሥሩ አይቆምም። ዓመት በዓመት ከፋፍለሽ አይተሽዋል?»

አላየችውም። የሌሎቹን ጣቢያዎች ሁሉ ሰዓት ዓመት በዓመት በርብራለች፤ አንዱን ጠባቂ እንቅልፋም ነው፣ ሌላውን ጠጪ ነው እያለች የማንንም ሳታምን ኖራለች። የተራራዋን ግን ማን ይጠራጠራል? ይኸውላችሁ የተማረ ሰው ጥፋት፤ የአገሩን ሁሉ ሲያበጥር ይውልና የገዛ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በአክብሮት ያልፋል።

ከፋፍላ አየችው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ምሰሶ የለም፤ ሞገዶቹ መድረስ ባለባቸው ሰዓት ደርሰዋል። በአሥረኛው ዓመት፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁሉም ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ቀድመው መድረስ ጀመሩ። ከየትም አቅጣጫ ይምጡ፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ ያው ስድስት አሥረኛ። ጣቢያዋ እስከተዘጋችበት ቀን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ድንጋይ በአንድ ወር አይቀዘቅዝም። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚወርድ ድንጋይማ ጨርሶ። የሆነው ነገር ከመሬት በላይ ነው፣ ሰዓቱ ላይ። ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረበት ሰው እንግዳው ቀድሞ የመጣ ይመስለዋል፤ የአባቷም ሰዓት ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ሞገዱን ሁሉ ቀድሞ የመጣ አስመስሎታል። የጣቢያዋን የዕለት መዝገብ አውጥታ ገለጠችው። በየዕለቱ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «እኩለ ቀን። ሰዓት ተስተካክሏል» ይላል፤ ከሥሩ የአባቷ ፊርማ። አንድ ቀን አልተዘለለም፣ አንድ ፊደል አልተሰረዘም።

መዝገቡን ዘጋችው። ለምሰሶው ብቻ ቢሆን አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ነገር ግን ምሰሶውን ከሰረዘች ለምን እንደሰረዘች መጻፍ ግድ ነው፤ ለምን የሚለው ደግሞ አባቷ ነው። ሰውየው ከሃያ ዓመት ድካም ይዞት የቀረው ያችኑ «አንዲት ሰከንድ አላባከንኩም» የምትለዋን ነው። ካልሰረዘች ደግሞ የሌለ ድንጋይ በስሟ ታትሞ፣ ከእሷ በኋላ የሚመጡ ሰዎች በሌለ ነገር ላይ ሌላ ነገር ሲገነቡ ይኖራሉ። ቆይማ ሁኔታዋን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አላት። «ብቻ አንቺ አውቀሻል።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጭኗ ላይ ተኝቷል፣ ከጎኗ ያሉት ሴት ገና ከተማውን ሳይለቁ አንኮራፍተዋል። እሷም በግማሽ እንቅልፍ የአውቶቡሱ ወለል እንደ መስተዋት ሲጠራ አየች። ከሥሩ ቅርፊቱ ያልፋል፣ ከቅርፊቱ ሥር ማንትሉ፣ ዝም ብሎ፣ ጋል ብሎ፣ በጥፍር እድገት ፍጥነት የሚሄድ። ምሰሶውን ፈለገችው። በየት በኩል እንደቆመ ጠፋባት። «እዚህ ጋ ነበር» አለች ድምፅ አውጥታ፤ ሴትዮዋ ነቅተው «ምን ጠፋሽ ልጄ?» ብለው መቀመጫው ሥር ጎንበስ ብለው አብረዋት ፈለጉ።

አባቷ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጆሮው ዛሬ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ከድቶታል፤ የሰውን ከንፈር ያነባል፤ ያላነበበውን በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ብዙውን ጊዜ ለራሱ ያደላል።

«ዶክተሯ! ምሰሶሽን ልታዪ መጣሽ?»

«አንተን ለማየት ነው አባዬ።»

«አዎ፣ ጠንካራ ነው፤ ትናንትም ግድግዳዬን አየሁት፣ አንድ ስንጥቅ የለውም።»

ከአጥሩ ወዲያ ቀኝ ጎረቤቱ ሴትዮ ቀና ብለው «እንኳን ደህና መጣሽ! የኔም ኩሽና ጥሩ ይዟል!» አሉ። እሷ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ እምቢ አላት። የቤተሰብ ገመና ጆሮው ለከበደ አባት እየጮሁ መንገር አይቻልም፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ክንዱን ይዛ ወደ ድሮዋ ጣቢያ ወሰደችው።

ጣቢያዋ ከቤቱ ጀርባ፣ ተራራው ውስጥ የተፈለፈለች አንዲት ክፍል ናት። በሩ ወፍራም ነው፤ ሲዘጋ የዓለም ድምፅ ሁሉ ደጅ ይቀራል። መሐሉ ላይ ከሥሩ ካለው አለት ጋር የተያያዘ የኮንክሪት መደብ አለ፤ መሣሪያው ይቀመጥ የነበረው እሱ ላይ ነው። መሣሪያው ከተወሰደ በኋላ አባቷ ሽንኩርት ያሰጣበታል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እዚያ ወንበር አግብቶ ይቀመጣል። ከበላዩ ባለች ጠባብ መስኮት አንድ ጨረር ይወርዳል፤ በጨረሩ ውስጥ አቧራው የሚቸኩልበት ነገር ሳይኖር ይንሳፈፋል።

ፊት ለፊቱ ቆማ ከንፈሯን እያጎላች ጠየቀችው። «አባዬ፣ ሰዓቱን እንዴት ነበር የምታስተካክለው?»

«እንዴት ይሆናል! እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮው አምስቴ ጢው፣ ጢው ይላል። ስድስተኛው ረዘም ይላል። እሱ ሲጀምር ቀይዋን መጫኛ እጫናለሁ፤ ዋናው ሰዓት ይስተካከላል። ይህን እኮ ገና ሳትድሂ ነው የምታውቂው።»

«በጆሮህ ሰምተህ?»

«ታዲያ በምኔ ልስማ፣ በክርኔ?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው። ከዚያ ሽንኩርቱን እያነሳ ያገላብጥ ጀመር፤ ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ ያነሳው ሁለተኛ እንዳትጠይቀው ነው።

እጁን ይዛ ወደሷ አዞረችው። «አሥረኛው ዓመት ላይ ምን ሆነ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ወረቀቱ ላይ?» አለ። ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት በሆዱ የያዘው፣ ከዚያም ወዲህ ለማንም ያልተነፈሰው ነገር ለካ በየዕለቱ እየተጻፈ መጋዘን ሲገባ ኖሯል።

ነገራት፤ ድምፁ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ። ያን ዓመት ትኩሳት ይዞት ከርሞ ነበር። ሲነሳ ቀጫጭን ድምፆች ሁሉ ጥለውት ሄደዋል፤ ወፉ፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ የበሩ ሲጥ ማለት። የሰው ንግግር ስለሚሰማው ማንም አላወቀበትም፤ እሱም ራሱ አላወቀም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጢውታው አልመጣ አለ።

«ሬዲዮው ሞተ! ብዬ እናትሽን ጠራኋት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እየጮኸ እኮ ነው አለችኝ። ተያየን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም አላለችኝ። በማግስቱ እኩለ ቀን ሲደርስ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣችና ከኋላዬ ቆመች። ረጅሙ ሲጀምር ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። እኔ ተጫንኩ። በነጋታውም መጣች። እንዲህ እናድርግ ተባብለን አናውቅም።»

ጉዳዩ ቢታወቅ ሥራው ይወሰዳል፣ ቤቱ ከሥራው ጋር የተሰጠ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ከተማ ትምህርት ላይ ናት። ስለዚህ ሁለቱም አፋቸውን ለጉሙ። እናቷ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልቀረችም፤ ዝናብ ቢሆን፣ ቢያማት፣ እንግዳ ቤት ቢሞላ። የገዛ እህቷ ሠርግ ዕለት እንኳ ሙሽራዋን ሳትስም ተሰናብታ እኩለ ቀን ላይ ደርሳለች።

ይኼኔ ነው ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመጣ ታየው የነበረው ነገር የገባት። እናቷ ቀትር ሲቃረብ ድስቷን ጥዳ «አማስዪልኝ፣ መጣሁ» ብላ ወደ ጣቢያዋ ትሮጥ ነበር፤ ሁልጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ልጅቷ ያን ጊዜ ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ይነፋፈቃሉ ብላ ታፍርላቸው ነበር። ድስቱንም ሳታማስል ታሳርረዋለች።

«እሷ ስትሞት» አለ አባቷ፣ «ሌላ እኩለ ቀን ሳይደርስብኝ ጣቢያዋን ዘግቼ ቁልፉን አስረከብኩ። ሐዘን ሰበረው ብለው ቤቱንም ክፍሏንም ለጡረታዬ ተዉልኝ። ሐዘኑም አለ። ግን ረጅሙ መጀመሩን ማን ይነግረኛል?» ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያ በምታውቀው ኩራት አያት። «ቢሆንም አንዲት ሰከንድ አላባከንንም። ወዲያው ነበር የምትነካኝ፣ ወዲያው ነበር የምጫነው።»

«ወዲያው» በሚለው ቃል ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንዳለ እንዴት አድርጋ ትንገረው? ጢውታው ጆሮዋ ገብቶ፣ እጇ ተነስቶ፣ ትከሻው ላይ አርፎ፣ ትከሻው ለጣቱ ነግሮ፣ ጣቱ እስኪጫን ድረስ ያለችውን ያቺን ጊዜ? ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ሽንኩርቱን ገፋ አድርጋ መደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ሬዲዮው ጢው እንዲል፣ ጣቱም ስንት ሰከንድ እንደዘገየ እንዲቆጥር አዘጋጀችው።

«አንዴ እንሞክረው» አለችው። «እኔ እንደ እማዬ ከኋላህ እቆማለሁ። አንተ ስነካህ ይህቺን ተጫን።»

ኮቱን ቆለፈ። ወንበሩን አስተካከለ። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ጣቱን ረጅሟ ቁልፍ ላይ አደረገ፤ ሥራ የገባ ሰው። እሷ ከኋላው ቆመች። ላፕቶፑ አምስቴ ጢው አለ። ስድስተኛው ሲጀምር ትከሻውን ነካችው። ተጫነ።

ዜሮ ነጥብ ሰባት።

ደገሙት። ዜሮ ነጥብ ስድስት። ደገሙት። ዜሮ ነጥብ ስድስት አምስት። በአራተኛው ላይ ዓይኖቹ ተከድነው አየች።

«ድገሚው» አለ።

ደገመችው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ጨረሩ ከወለሉ ተነስቶ ጫማው ላይ ወጥቷል። አምስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ትከሻ፣ ጣት። አምስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁጥሩን ማየት ተወች። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አታውቅም፤ ደጅ ዛሬ ይሁን ሌላ ቀን ጠፍቷት ነበር። እጇ ራሱ የእሷ መሆኑ ቀርቶ ከኋላዋ የቆመ ሰው እጅ ይመስላት ጀመር። አባቷ እየሞከረ እንዳልሆነ ከገባት ቆይቷል። እንባዋ ኮቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትነካዋለች።

«ድገሚው» አለ። «እንደሱ። እንደሱ ነበር።»

በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ፣ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋ። «ስንት ይላል?»

ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። አነበበው። ሳይንስ አልተማረም፤ ግን ሃያ ዓመት ከሰከንድ ጋር የኖረ ሰው ስድስት አሥረኛ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያስረዳውም።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ምሰሶው…»

«ምሰሶ የለም አባዬ።»

መነጽሩን አወለቀ። መዳፉን መደቡ ላይ ዘረጋ። እሷ አጠገቡ ተንበረከከች። መንገዱን ሁሉ ስታውጠነጥን የመጣችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «አባዬ፣ ስማኝ። ዝም ብዬ አርመዋለሁ። የሰዓት እርማት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ብዬ እጽፋለሁ። የድሮ ጣቢያ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ስምህ አይነካም።»

ከንፈሯን አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ተቆጣ።

«ምክንያቱ ያልታወቀ?» አለ። «እናትሽ ናት ምክንያቱ ያልታወቀ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም…»

«አሥራ አንድ ዓመት በዝናብ በፀሐይ መጥታ እዚህ ጋ ቆማለች!» ወንበሩ ጀርባ ያለውን ባዶ ወለል በጣቱ አሳያት። «እኔ ተመሰገንኩ። ተራራዋ ጣቢያ፣ ተራራዋ ጣቢያ ተባለ፤ እየሰማሁ ዝም አልኩ። የእሷ ስም የት ላይ ተጽፏል? አንድ ወረቀት ላይ አሳዪኝ።»

አንድም ወረቀት ላይ እንደሌለ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሁሉንም በእጇ ዘርግታቸዋለች።

«አባዬ፣ ሰዓቱ ስህተት ነበር ሊባል ነው እኮ። ሁሉም ያነበዋል።»

«ያንብቡት። ጻፊ።»

ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች። እሱ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ እያለ አስጻፋት፤ የዕለት መዝገብ የሚሞላ ይመስል ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አስቀድሞ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያዋ እስከተዘጋች ድረስ ዋናውን ሰዓት ያስተካከሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሰማች፣ አንዱ ተጫነ። የእናቷን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አስጻፈ፤ አንዷ ፊደል እንዳትሳሳት ደግማ እንድታነብለት አደረገ። መዘግየቱ ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ነው።

«መዘግየቱ የእኔ ነው ብለሽ ጨምሪ» አለ። «የእሷ እጅ አልዘገየም።»

«አባዬ፣ የማን እንደሆነ ከቁጥሩ ላይ መለየት አይቻልም።»

«ቁጥሩ አይለይ። ጻፊ።»

ጻፈች። በሥራዋ ዘመን ማስረጃ የሌለው ዓረፍተ ነገር እያወቀች የጻፈችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሰኞ ጉባኤው ፊት ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ከአባቷ ቤት ሥር ያለው ማንትል እንደ ሌላው ሁሉ ቢጫና ብርቱካናማ ነበር። ለምን እንደተሰረዘ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አሁን ያንን ሥዕል የሚከፍት ሰው ሁሉ ከግርጌው የጣቢያዎቹን ዝርዝር ያገኛል፤ በየጣቢያው ትይዩ የጠባቂው ስም አለ፣ አንድ አንድ። በተራራዋ ጣቢያ ትይዩ ሁለት ስም ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የእናቷ ነው።